ፊንሰ ላይ ወረድን

«ስንት ነው?» አልኳት።

«አባዬ፣ እሱን ተወው» አለችኝ።

ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ንግግር ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት ልጄ ዘንድ ኦስሎ፣ ኖርዌይ ሄጄ ነበር። ከደረስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ሥራዬ ሳሎን ተቀምጦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ያልጠለቀች ፀሐይ ማየትና «ታዲያ እዚህ አገር ራት የሚበላው መቼ ነው?» ማለት ነው። አንድ ቀን ልጄ ከሥራ ስትመለስ የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ የአራት ቀን ፈቃድ እንደምትወስድ፣ እኔንና ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ልጇን ይዛ በባቡር ወደ ምዕራቡ የባሕር ዳርቻ፣ ወደ በርገን ከተማ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ባሏ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ በዚያ ሰሞን ፈቃድ አላገኘም።

ዋጋውን አልነገረችኝም። ትኬቱን ስልኳ ላይ ሳየው ግን በክሮነር የተጻፈውን በልቤ ወደ ብር መነዘርኩት። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ራት አያስበላም። አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ። እዚያ አገር ዕድሜው 67 የሞላ ሰው በባቡር በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። እኔ 71 ነኝ። ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሽበት ይበቃል። ትኬቱ ቀደም ተብሎ ከተገዛ ደግሞ ይረክሳል፤ ልጄ የገዛችው እኔ ገና ቪዛ ሳላገኝ ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

መጓጓቴን አልክድም። ድሬዳዋ 34 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በየዓመቱ ፊዮርድ የሚባለውን ነገር በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እስል ነበር። የበረዶ ግግር ሸለቆውን ይቦረቡረዋል፣ በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ገብቶ ይሞላዋል። ተማሪዎቼ ጽፈውታል፣ ተፈትነውበታል። ያስተማርኩት እኔ ግን አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም። በድሬ ሙቀት ስለ በረዶ ማስተማርም ቀላል አልነበረም። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይደገም፤ ቀዝቀዝ ያደርጋል» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስቆብኛል።

ስለ ጉዞው ከመቀጠሌ በፊት ግን በእኔና በልጄ መካከል የነበረውን ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የምነግራችሁ ሁሉ የተራራና የፏፏቴ ወሬ ይሆናል።

ባለቤቴ ያረፈችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በየካቲት ወር ነው። ልጄ ያኔ ኖርዌይ ከገባች ዓመት አልፏታል፤ ጥገኝነት ጠይቃ ውሳኔ አልተሰጣትም ነበር። ከወጣች መመለሻ የላትም። አልመጣችም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ነገር ግን በአርባዋ ዕለት ደውላ «ሰው ብዙ ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ «እናትሽን የቀበሯት ጎረቤቶቿ ናቸው» አልኳት። ስልኩ ዝም አለ። ቆይታ «እሺ አባዬ» አለችና ተሰናበተችኝ።

ከዚያ በኋላ አልተኳረፍንም። ነገሩን ያከፋው እንዲያውም እሱ ነው። በየእሑዱ ትደውላለች፤ የደም ግፊት መድኃኒቴን መዋጤን ትጠይቃለች፤ ወር ጠብቃ ትልካለች። አንድም እሑድ አላለፋትም። ፓስፖርት ካገኘች ሁለት ዓመት ሆኗታል። «ለገና ትመጫለሽ?» ስላት «እናያለን አባዬ» ትለኛለች። «ለፋሲካስ?» ስላት የልጁ ትምህርት ይመጣል። ለምን እንደማትመጣ አውቃለሁ። ማወቄንም ታውቃለች። ሁለታችንም ስለ አየሩ እናወራለን።

ከኦስሎ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሣን። በዚያ ባቡር ላይ ሕፃናት ለያዙ ቤተሰቦች የተመደበ ፉርጎ አለ፤ ጥጉ ላይ መጫወቻ ክፍል፣ የሥዕል መጻሕፍት ሁሉ አለው። ለትንንሾች ድንቅ ነገር ነው። የእኛው ጎልማሳ ግን አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ አየና ንቆት ተመለሰ። ከእኔ ፊት ለፊት መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

የልጅ ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ አይናገርም። እኔ በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ በኖርዌይኛ ለእናቱ ይመልሳል፣ እናቱ ለእኔ ታቀብለኛለች። ሦስት ሳምንት የተጨዋወትነው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ልጄ ሱቅ ሄዳ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስክትመለስ ድረስ እንደ ሐኪም ቤት ተረኞች ዝም ብለን ጠበቅናት።

ባቡሩ ውስጥም ዝምታ ነው። የእኛ ምድር ባቡር ቢሆን አዋሽ ሳይደረስ የማን ልጅ ማንን እንዳገባች፣ የማን ጉዳይ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሁሉ ይታወቃል። ኖርዌዮች አንዱ ሌላውን ላለመረበሽ ሲሉ አይተያዩም። ዝምታው ሲከብደኝ ከቤት የያዝኩትን ዳቦ ቆሎ አወጣሁ። ከማዶ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች። እጄን ዘርግቼ «እንኪ» አልኳት። ልጄ በኀፍረት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሴትየዋ ደንገጥ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አንዲት ፍሬ በሁለት ጣቷ አንሥታ ቆረጠመች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ከቦርሳዋ ቸኮሌት አውጥታ ቆርሳ ለልጁ ሰጠችው፤ ተራራ ሲወጡ የሚይዙት ዓይነት ነው አለችኝ ልጄ። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቆሎውን ሳልጋብዛት ነው የምታነሣው።

መስመሩ በሙሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። የእኛ ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ስለገባ ሁለቱ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ከኦስሎ በርገን 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በመካከል ወደ 180 የሚጠጉ ዋሻዎች አሉ። መጀመሪያ የምታዩት ጫካ፣ ወንዝ፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ቤቶችና ለከብት የሚደርቅ ሣር ነው። እስከዚህ ድረስ ውብ ነው፤ ግን ከውበት በቀር ብዙም አይነገርለትም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ዛፎቹ ማጠር ይጀምራሉ። ቁጥቋጦ ይሆናሉ። ከዚያ ጭራሽ ይጠፋሉ።

ልጄ ትንሽ ሳለች በየክረምቱ ከድሬ አዲስ አበባ፣ የእናቷ ዘመዶች ዘንድ፣ በባቡር እንሄድ ነበር። የአዋሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ እናቷ ጭኗ ላይ አቁማት ገደሉን በመስኮት ታሳያታለች። እኔ በዚህ በኩል ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ትምህርት እጀምራለሁ። ባለቤቴ «እዚህ እንኳ ተዋት፣ ትይበት» ትለኛለች። በየዓመቱ ይህችኑ ነው የምትለኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ይህ ትዝ አለኝና ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። እሷም ታየኝ ነበር። ምንም አላልንም።

«ፊንሰ የምትባል ጣቢያ ላይ ወርደን የሚቀጥለውን ባቡር እንጠብቃለን» አለችኝ።

«እዚያ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

እውነቷን ነው። ፊንሰ ላይ አንድ ሆቴል፣ ጥቂት ቤቶችና አንድ ሐይቅ ናቸው ያሉት። በአገሪቱ የባቡር መስመር ላይ ካሉ ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛዋ ናት፤ 1222 ሜትር። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። የሚኬደው በባቡር ነው፤ ካልሆነም በእግር፣ በብስክሌት፣ በክረምት ደግሞ በበረዶ ሸርተቴ። የብስክሌቱ መንገድ ሐዲዱ ሲሠራ ሠራተኞቹ ዕቃ ያመላለሱበት ነው። ከባቡሩ ስንወርድ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ነበር። ሐምሌ ነው፤ ከሐዲዱ ማዶ ግን በረዶ ተጋድሟል። ከሐይቁ ባሻገር ሃርዳንገርዮኩለን የሚባለው የበረዶ ግግር ተራራው ጫፍ ላይ እንደ ነጭ ጋቢ ተዘርግቷል። 34 ዓመት በጠመኔ የሳልኩት ነገር ይህ ነው። ቆሜ ቀረሁ።

የልጅ ልጄ ግን ቦታውን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። «ስታር ዋርስ» በሚባለው ፊልም ላይ ያለችው በረዷማ ፕላኔት የተቀረጸችው እዚህ ነው። ይህን ሊያስረዳኝ ብዙ ደከመ፤ እጁን እንደ ጎራዴ እያወናጨፈ በረዶው ላይ ሮጠ።

እኔም የማውቀውን ልነግረው ፈለግኩ። ጣቢያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳየሁትና «ይህ ከፍታ ከእኔ ቤት ጋር እኩል ነው» አልኩት። ድሬዳዋም ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት። በእኛ አገር መለኪያ ከ1500 ሜትር በታች ያለ ቦታ ቆላ ይባላል፤ ስለዚህ ፊንሰ ቆላ ናት። በሐምሌ በረዶ ያለባት ቆላ! በከዘራዬ በረዶው ላይ ትልቅ ክብ ስዬ ምድርን፣ ፀሐይን፣ የምድር ወገብን፣ ድሬን በ9 ዲግሪ፣ ፊንሰን በ60 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኩ። ጨረሩ እኛ ላይ በቀጥታ፣ እነሱ ላይ ግን ተንሸዋርሮ እንደሚወርድ አሳየሁት። እናቱ ተርጓሚ አልሆነችም፤ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ልጁ ሥዕሉን ዞሮ አየውና ድሬ ላይ እግሩን አሳርፎ በአማርኛ «የአባባ ቤት» አለ።

«አዎ፣ የአባባ ቤት። አያትህም ያረፈችው እዚያው ነው፤ በዚሁ ከፍታ» አልኩት። ሳላስበው ነው ያልኩት።

«አውቃለሁ» አለች ልጄ ከኋላዬ።

ዞር ስል አጠገቤ ደርሳለች። ልጁ ወደ በረዶው ሮጠ።

«እማዬ ያረፈች ዕለት» አለችኝ፣ «የምኖረው ስደተኞች ማረፊያ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነው የምንተኛው። ማልቀስ ፈለግኩ፣ ማልቀሻ የለኝም። ጣቢያ ሄጄ በነበረኝ ገንዘብ እስከ በርገን ቆረጥኩ። በርገን ማንም የለኝም። ዝም ብዬ ባቡር ላይ ልቀመጥ ብዬ ነው። እዚህ ሲደርስ ያንን ቁጥር አየሁት። አንተ ‹ድሬዳዋ ስንት ሜትር ናት?› እያልክ በልጅነቴ ታስጠናኝ የለም? ወረድኩ።»

የካቲት ነው። በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ነበር አለችኝ። ከጣቢያው ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ማንም አልነበረም። ሙሾ ማውረድ አታውቅም፤ እናቷ በየለቅሶው ስትል የሰማችውን ያህል አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። አንዲት ሴት ሰምታ ብርድ ልብስና ቡና ይዛላት መጣች። ማን ሞተብሽ፣ ከየት ነሽ አላለቻትም። መመለሻው ባቡር እስኪመጣ አብራት ቆመች።

«ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚህ ነው አባዬ» አለችኝ። «ብቻዬንም አልነበርኩም። እሱ የአምስት ወር ጽንስ ነበር።»

እኔ ለዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ቅዳሜ ማታ አዘጋጀዋለሁ፣ እሑድ ስትደውል ስለ አየሩ አወራለሁ። ከዚያ ንግግር አንዲት ቃል አልመጣልኝም።

«ያን ጊዜ በስልክ ያልኩሽ ነገር...»

«ተወው አባዬ።»

«አልተወውም። ዋጋውን ተወው ብለሽኝ ትቼዋለሁ። ይህን ግን አልተወውም። ያን ቃል እንዳልኩት ነው ስህተቴን ያወቅኩት፤ መልሼ መደወል አቃተኝ።»

«እውነት ነበር እኮ። የቀበሯት ጎረቤቶቿ ናቸው።»

«እውነት ነበር። ላንቺ የሚነገር ግን አልነበረም።»

ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ በነፋሱ ማመካኘት ይቻል ነበር፣ አላመካኘሁም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ ኳስ የሚያህል በረዶ መጥቶ ጀርባዬ ላይ ፈነዳ። ዞር ስንል የልጅ ልጄ ሁለተኛውን እየጠቀለለ ነው።

በኋላ ሆቴሉ ገብተን ትኩስ ነገር ጠጣን። ቡናማ ቀለም ያለው ጣፋጭ አይብ ከላዩ ላይ ያደረጉበት ስስ ዳቦ አቀረቡልን፤ እንጀራ ላይ ቢሆን አልደፍረውም እንጂ ከቡና ጋር ክፉ አይደለም። ለመሄድ የምታስቡ አያቶች ካላችሁ ግን አንድ ምክር አለኝ። ሐምሌ ነው ብላችሁ አትታለሉ፤ ሹራብና ጋቢ ያዙ። እኔን ያዳነኝ ልጄ ‹አባዬ አትያዘው› ያለችኝ ጋቢ ነው።

ከፊንሰ በኋላ ባቡሩ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሚርዳል የሚባል ጣቢያ አለ። እዚያ ወርደን ወደ ፍሎም የሚወስደውን ሌላ ባቡር ያዝን። ሰው ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ለዚህች መስመር ነው። 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ግን ከ867 ሜትር ተነሥታ ባሕሩ አፍ፣ 2 ሜትር ላይ ትወርዳለች። ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ በየ18 ሜትሩ አንድ ሜትር ትወርዳለች። ለባቡር ይህ ገደል ነው። መሐንዲሶቹ መውረጃ ቢያጡ ሐዲዱን ተራራው ውስጥ አስገብተው አዙረውታል፤ በአንድ በኩል ገብታችሁ ከሥሩ ፊታችሁን አዙራችሁ ትወጣላችሁ። ከ20ዎቹ ዋሻዎች 18ቱ የተፈለፈሉት በሰው እጅ ነው። ሥራው በ1920ዎቹ ተጀምሮ የመጀመሪያው ባቡር የሄደው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ 20 ዓመት እንደፈጀ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ይናገራል።

የልጅ ልጄ ዋሻዎቹ 20 መሆናቸውን ሲሰማ ልቁጠር አለ። የመጀመሪያው ጨለማ ውስጥ ስንገባ በኖርዌይኛ «ኤን» ሲል እኔ «አንድ» አልኩ። ሁለተኛው ላይ አየት አደረገኝና «ሁለት» አለ። እስከ አሥር እናቱ አስተምራዋለች።

መሃል ላይ ባቡሩ ሾስፎሰን የሚባል ፏፏቴ ፊት ለፊት ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ሰው ሁሉ ወርዶ ፎቶ ይነሣል፤ ጉሙ ልብስ ያረጥባል። የባቡሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ከዚሁ ውኃ እንደሚመጣ ለልጁ በማስረዳት ላይ ሳለሁ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ዘፈን ተሰማ፤ ዓለቱ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ብቅ አለች። ጸጉሯን በትና ትጨፍራለች። ጠፋች፣ ወዲያው ሌላ ቦታ ታየች። አማተብኩ። ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካ ተረታቸው ነው፤ ጫካ ውስጥ የምትኖር ወንዶችን በዘፈን የምትወስድ ጅራት ያላት ሴት አለች ይላሉ። የሚጨፍሩት የባሌት ተማሪዎች ናቸው፤ ለቱሪስት በየቀኑ ይሠሩታል። ቢሆንም አስቀድሞ ለሽማግሌ ሊነገር ይገባል ባይ ነኝ።

ተመልሰን ገባን። አሥረኛውን ዋሻ ስናልፍ ልጁ ዝም አለ፤ አሥራ አንድን አያውቅም። እናቱን አላያትም። እኔን አየኝ። «አሥራ አንድ» አልኩት። «አሥራ አንድ» አለ። «አሥራ ሁለት»ን ራሱ አገኘው። ከዚያ ቁልቁል እየወረድን፣ በየጨለማው እየጮኸ፣ ሸለቆው ከሥራችን እየሰፋ፣ የመጨረሻው ዋሻ ላይ ስንደርስ መጣብኝ ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። «ሃያ!» ብሎ ፉርጎውን አናጋው። እነዚያ ዝምተኛ ሰዎች ዞረው አዩት፤ አንዱ አጨበጨበለት።

ያን ዕለት ማታ ፍሎም አደርን። በማግስቱ በኤሌክትሪክ በሚሄድ መርከብ ወደ ናሮይፊዮርድ ገባን። ናሮይፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሶግነፊዮርድ ቅርንጫፍ ነው፤ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከግራና ከቀኝ ዓለቱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በጠባቡ ቦታ ከዳር እስከ ዳር 250 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መርከቡ ሞተር ያለው አይመስልም። የሚሰማው ከላይ እንደ ክር የሚወርደው ውኃ ብቻ ነው። ሁለቱንም ግራና ቀኝ አቆምኳቸውና በረዶው ይህን ሸለቆ እንዴት እንደቦረቦረው፣ ለምን ከታች እንደ ወንዝ ሸለቆ እንደማይሾል፣ የሶግነፊዮርድ ጥልቀት እንዴት 1300 ሜትር እንደሚደርስ...

«አባዬ» አለች ልጄ፣ «እዚህ እንኳ ተወን፣ እንይበት።»

ቃሏን በቃሏ። ከየት እንዳመጣችው እሷም ያወቀችው ካለች በኋላ ነው። ዝም አልኩ። አየን።

ስለ በርገን ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበብን። ወደቡ ዳር ያሉት የድሮ የእንጨት ቤቶች ደስ ይላሉ፤ ዓሣ ገበያው ዋጋው ያስደነግጣል። ከከተማው ተነሥቶ ተራራ የሚወጣ በገመድ የሚጎተት ባቡር አለ፤ የልጅ ልጄ ሁለት ጊዜ ካልወጣን ብሎ ወጣን። በሁለቱም ጊዜ ጭጋግ ነው ያየነው። ስንመለስ ፊንሰ ላይ ባቡሩ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆመ። አልወረድንም። ልጄ ግን ተነሥታ ልጇን ወደ መስኮቱ አስጠጋችውና በኖርዌይኛ ብዙ ነገር ነገረችው። እኔ ከተባለው «በስተሙር» የሚለውን ብቻ ለየሁ፤ አያት ማለት ነው።

በመጪው የካቲት ባለቤቴ ካረፈች አሥር ዓመት ይሞላታል። ልጄ ትኬት ቆርጣለች፤ ሦስቱም ይመጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ተቀብዬያቸው በአዲሱ ባቡር ወደ ድሬ እንወርዳለን። ባለፈው እሑድ ስትደውል ልጁ ስልኩን ከእጇ ነጠቃት።

«አባባ፣ የድሬዳዋ ባቡር... ስንት ዋሻ?»

«ዋሻውን እርሳው» አልኩት። «ግመል ትቆጥራለህ።»

ትንሽ አሰበ።

«ከሃያ በኋላ ምንድን ነው?» አለኝ።